በአዲስ አበባ ለመኖሪያ ቤት ሶላር ማስገባት ገንዘቡን ይመልሳል ወይ?

የሰሚት ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። ሰሚት አካባቢ የምንሠራው ጂ ፕላስ ዋን ቤት ማጠናቀቂያው ላይ ደርሷል፤ ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት የሶላሩ ነገር ቁርጡ ይታወቅ ብሎ ኤሌክትሪሻናችን እየወተወተን ነው። ያቀረበልን ዋጋ ለ3 ኪሎዋት ፓነል፣ ለ5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር (ከፓነል፣ ከባትሪና ከመስመሩ የሚመጣውን ኃይል አቀናጅቶ ለቤቱ የሚያቀርብ መሣሪያ) እና 5 ኪሎዋት ሰዓት ለሚይዝ የሊትየም ባትሪ፣ ገጠማውን ጨምሮ፣ ግማሽ ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ በገንዘቡ ሊያግዘን ፈቃደኛ ነው። እሱ በሚኖርበት ሰፈር ብዙዎቹ ጎረቤቶቹ ጣሪያቸውን በፓነል ሸፍነው የመብራት ክፍያቸው ከሞላ ጎደል እንደቀረላቸው እየነገረኝ፣ «በሰባት በስምንት ዓመት ዋጋውን ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው» ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ይህ ገንዘብ ሰርቪስ ቤቱን ጨርሰን ለማከራየት ቢውል ይሻላል ባይ ነው።

አሁን በተከራየንበት ቤት የምንጠቀመው በወር 300 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሲሆን ምጣዱም ቦይለሩም በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው። ቀን ቀን ቤት ውስጥ ከሠራተኛችን በቀር ሰው የለም። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋል፤ አንዳንዴ በሰዓት ውስጥ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ያድራል። ሁለቱም የቤተሰቤ ሰዎች ያቀረቡልኝ ሐሳብ አሳማኝ ስለሆነብኝ የምታውቁ ሰዎች ሒሳቡን በቁጥር እንድታሳዩኝ እለምናለሁ።

ሒሳብ መርማሪ

እህቴ፣ እንኳን ለማጠናቀቂያው አበቃዎ። ጥያቄዎ የቁጥር ስለሆነ ከቁጥሩ ልጀምር። አዲስ አበባ ላይ በአግባቡ የተገጠመ አንድ ኪሎዋት ፓነል፣ ክረምትና በጋው ተደማምሮ በአማካይ ሲታይ፣ በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል ብሎ ማስላት የሚያሳፍር ግምት አይደለም። ሦስት ኪሎዋት ሲሆን በቀን 12፣ በዓመት ደግሞ 4,380 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። አሁን ይህን በመብራት ዋጋ እናባዛው። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በየዓመቱ ደረጃ በደረጃ እያደገ የተጠናቀቀው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በመጨረሻው እርከኑ ላይ፣ ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ለሚጠቀም ሰው እንኳ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። ለሶላሩ እናድላለትና ያመነጨው ሁሉ አንድም ሳይባክን ጥቅም ላይ ዋለ፣ እያንዳንዱም ኪሎዋት ሰዓት ይህን ከፍተኛውን ዋጋ አስቀረልዎ እንበል። በዓመት የሚድንልዎ 10,900 ብር ገደማ ነው። በዚህ አካሄድ ግማሽ ሚሊዮን ብር ለመመለስ 46 ዓመት ይፈጃል። የፓነል አምራቾች ለኃይል አቅሙ ዋስትና የሚሰጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ25 ዓመት ነው።

ታሪፉ ባለበት እንዳልቆመ የታወቀ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ማሻሻያ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ያንኑ ከፍተኛ ዋጋ በሦስት አባዝተን 7 ብር ከ44 ሳንቲም እናድርገው። አሁንም ምርቱ ሁሉ ጥቅም ላይ ውሎ በዓመት የሚድንልዎ 32,600 ብር ያህል ይሆናል፤ መመለሻውም ወደ 15 ዓመት ይወርዳል። ለማነጻጸር ያህል፣ ግማሽ ሚሊዮኑ በዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ፣ ማለትም በ7 በመቶ ቢቀመጥ በዓመት 35,000 ብር ይወልዳል። ይህን ስል ባንክ አስቀምጡት ማለቴ አይደለም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት አገር የ7 በመቶ ወለድ ገንዘብን ከመሸርሸር አያድንም። ለማለት የፈለግሁት፣ ሶላሩ የመብራት ሒሳብን በመቀነስ ብቻ ሲመዘን ከዚህ ደካማ መለኪያ እንኳ በታች እንደሚወድቅ ነው።

በዚያ ላይ ምርቱ ሁሉ ጥቅም ላይ የሚውል አይደለም። ፓነሉ አብዛኛውን የሚሰጠው ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ እርስዎ እንደነገሩን በዚያ ሰዓት ከሠራተኛዎ በቀር ቤት ውስጥ ሰው የለም። በእኔ ሚዛን ባለቤትዎ ያሉት የሰርቪስ ቤት ኪራይ ከሁለቱ የተሻለ ኢንቨስትመንት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድምሽ የነገረሽ በእሱ አገር እውነት ነው፤ ግን ወደ እናንተ ሲመጣ አብሮት የማይመጣ ነገር አለ። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲሆን ለቤታችን ሶላር ስናስገባ ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ሠርቼዋለሁ። እዚህ ነገሩን የሚያዋጣው ፀሐይዋ ጠንክራ አይደለም፤ በፀሐይማ አዲስ አበባ ከኛ ትበልጣለች። የሚያዋጣው በመጀመሪያ ደረጃ መብራት ውድ ስለሆነ ነው። በአገር አቀፍ አማካይ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ16 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ነው፤ በብር ሲመነዘር ከ20 ብር ያልፋል። ከላይ የተጠቀሰውን 2 ብር ከ48 ሳንቲም ከዚህ ጋር አስተያዪው። ሁለተኛው ምክንያት የቆጣሪው አሠራር ነው። ቀን ሰው በሌለበት ሰዓት ፓነሉ ያመነጨው ወደ መንገዱ መስመር ይገባና በስማችን ይመዘገብልናል፤ ማታ ስንጠቀም ከዚያው ይቀናነሳል። ስለዚህ መስመሩ ራሱ ባትሪ ሆኖ ያገለግለናል ማለት ነው። እናንተ ዘንድ በቤት ደረጃ እንዲህ ያለ ማቀናነስ የተለመደ ስላልሆነ የቀን ምርትሽ ወይ ባትሪ ውስጥ ይገባል ወይ ይባክናል።

ሦስተኛው የግብር ቅናሽ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ከጠቅላላ ወጪው 30 በመቶውን ከግብር ላይ ይቀንስ ነበር፤ በጁላይ 2025 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ግን ይህ ቅናሽ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ ለቤት ባለቤቶች አብቅቷል። የወንድምሽ ጎረቤቶች ከዚያ በፊት የገጠሙ ከሆነ የሰባት ዓመቱ ስሌት ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ እዚሁ ለሚጀምር ሰው እንኳ ያ ቁጥር ረዝሟል። ካሊፎርኒያም ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ለሚገጥሙ ሰዎች ወደ መስመሩ ለሚልኩት ኃይል የሚሰጠውን ዋጋ በእጅጉ ስለቀነሰች፣ አዲስ ገጣሚዎች ባትሪ መጨመር የግድ እየሆነባቸው ነው። አሠራሩ ሲቀየር በዚያው ጣሪያና በዚያው ፀሐይ ሒሳቡ ይገለበጣል።

ይህን የሚያነቡ በአሜሪካ ያሉ ወገኖቼም አንድ ነገር ልብ ቢሉልኝ ደስ ይለኛል። በር እያንኳኩ «በነፃ እንገጥምላችኋለን» ከሚሉ ሻጮች ጋር የሚፈረመው ውል ብዙ ጊዜ የ20 ወይም የ25 ዓመት ኪራይ ነው፤ ክፍያውም በየዓመቱ እንዲጨምር ሆኖ ይጻፋል። ቤቱን ለመሸጥ በፈለጋችሁ ጊዜ ገዢው ያንን ውል መረከብ ይኖርበታል። ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ዓመታዊው ጭማሪ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ።

የሶላር ባለሙያ

በሙያው ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ሶላር እገጥማለሁ፣ እሸጣለሁም። እንዲያም ሆኖ ሒሳብ መርማሪ ያሉት ልክ መሆኑን ለመመስከር አላመነታም፤ እንዲያውም ያልጠቀሱት አንድ ከባድ ነጥብ አለ። ጥሩ የሊትየም ባትሪ 4,000 ጊዜ ያህል ተሞልቶ ይወርዳል ብለን እንነሳ። አምስት ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው ባትሪ በየጊዜው 80 በመቶው ቢወጣለት 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በዕድሜው ሙሉ የሚያሳልፈው 16,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከቀረበልዎ ዋጋ ውስጥ የባትሪው ድርሻ 160,000 ብር ነው ቢባል፣ በባትሪው ውስጥ አልፎ የሚወጣ እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት በባትሪው እርጅና ብቻ 10 ብር ያስወጣዎታል። ፀሐይዋ በነፃ ብትሰጥም ማለት ነው። ቀን ባትሪ ሞልቶ ማታ በዚያ በመጠቀም የመብራት ሒሳብ ለመቀነስ የሚሞክር ሰው በአሮጌው ታሪፍ 3 ብር የማይሞላ ዕቃ በ10 ብር እየገዛ ነው።

የጄል ባትሪ ሒሳብ ከዚህም ይከፋል፤ ከግማሹ በታች ካወረዱት ቶሎ ይሞታል፣ በጥንቃቄ ቢያዝም ከጥቂት ዓመት አይዘልም። ሲገዛ ርካሽ መሆኑን አይተው ብዙ ሰዎች ይወስዱታል፤ እኔ ግን ለቤት መግጠሙን ትቻለሁ።

ታዲያ ምን ይሻላል ካሉኝ፣ እንደ እርስዎ መብራት ርካሽ ሆኖ በሚቆራረጥበት ቦታ ገንዘቡ መዋል ያለበት በባትሪውና በኢንቨርተሩ ላይ ነው፤ ፓነሉ ሊቆይ ይችላል። ባትሪው መብራት ባለበት ሰዓት ከመስመሩ ይሞላል፤ በመሙላትና በማውጣት የሚባክነው ተጨምሮበትም አንድ ኪሎዋት ሰዓት በአሮጌው ታሪፍ ሲሰላ 3 ብር ቢፈጅ ነው። መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተሩ ወዲያው ይረከባል። ፍሪጅ፣ አምፖሎች፣ ቴሌቪዥንና ዋይፋይ ተደምረው በአማካይ ከ250 ዋት ስለማይበልጡ 4 ኪሎዋት ሰዓት አስራ ስድስት ሰዓት ያህል ያቆይዎታል። «አንዳንዴ ያድራል» ያሉት ሌሊት በዚህ ያልፋል። ምጣዱን ግን ከዚህ መስመር ያውጡት። ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚስብ በአንድ ጋገራ ባትሪውን ያራግፈዋል። ቤቱ ገና እየተሠራ ስለሆነ ኤሌክትሪሻንዎ የማይቋረጡትን መስመሮች በተለየ የብሬከር ሣጥን ላይ እንዲሰበስባቸው ያድርጉ፤ ምጣድ፣ ቦይለርና የውሃ ፓምፕ በሌላው ሣጥን ይቅሩ።

አንድ ነገር በተለይ ልጨምር። በገበያችን በብዛት በሚገኙት ሃይብሪድ ኢንቨርተሮች የመጀመሪያው ቅንብር ኃይሉ ከየት ቀድሞ እንዲወሰድ የሚወስነው ነው። ገጣሚዎች ደንበኛውን ለማስደሰት ብለው «ኤስ ቢ ዩ» ላይ ያደርጉታል፤ ይህ ማለት መጀመሪያ ከሶላር፣ ቀጥሎ ከባትሪ፣ በመጨረሻ ከመብራት ኃይል ማለት ነው። ደንበኛው ቆጣሪው ሲቆም እያየ ይደሰታል፤ ባትሪው ግን በየቀኑ ያረጃል፣ ማታ በድንገት መብራት ሲጠፋም ግማሹ ተበልቶ ይገኛል። መስመር ላለው ቤት «ኤስ ዩ ቢ» ላይ፣ ማለትም መጀመሪያ ከሶላር፣ ቀጥሎ ከመብራት ኃይል፣ በመጨረሻ ከባትሪ እንዲወስድ ተደርጎ ባትሪው ሞልቶ ለጨለማው ይቀመጥ። ሶላር ኖሯችሁ ባትሪያችን ቶሎ ደከመ የምትሉ ሁሉ ይህን ቅንብር ዛሬውኑ እዩት።

የለቡ ነዋሪ

የሁለቱንም ሐሳብ በአክብሮት አንብቤ ልቃወም ነው። ሁለታችሁም አንድ ኪሎዋት ሰዓት የምትመዝኑት በመብራት ኃይል ዋጋ ነው፤ መብራት በሌለበት ሰዓት ግን ያ ዋጋ የለም። ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ከሳምንት በላይ ጨለማ ውስጥ ነበርን። ጎረቤቴ ባትሪና ኢንቨርተር ብቻ ነበረው፤ በሁለተኛው ቀን ባዶ ሆነ። የእኔ ፓነል በዚያ ደመና ውስጥ እንኳ በየቀኑ ፍሪጁንና ኮምፒውተሮቹን የሚያንቀሳቅስ ያህል ይሰጥ ነበር። የምሠራው ውጭ አገር ላሉ ደንበኞች ነው፤ አንድ ሳምንት ከጠፋሁ ደንበኛው ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ለእኔ ትክክለኛው ንጽጽር ከጄኔሬተር ጋር ነው። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ይጠጣል። በጥር 2017 ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ነበር፤ በዚያ ዋጋ እንኳ ቢሰላ ነዳጁ ብቻ 50 ብር ነው። ዘይቱ፣ ጥገናው፣ ነዳጅ ማደያ ላይ የሚጠፋው ቀን፣ ጩኸቱና ጭሱ አልተቆጠረም። በዚህ ሚዛን የባለሙያው 10 ብር ርካሽ ሆኖ ይታያል።

ሌላም አለ። ዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ። እኔ ከዚያ በፊት ገዝቼ ነበር። ያንኑ ዕቃ ዛሬ ልግዛ ብል በብር የምከፍለው ሌላ ቁጥር ነው። ብር ይዞ ከመቀመጥ ዕቃ ይዞ መቀመጥ ያዋጣል።

ሒሳብ መርማሪ

የለቡ ወንድሜ፣ የጄኔሬተሩን ንጽጽር እቀበላለሁ። ጨለማው ገቢ የሚያሳጣው ሰው ሒሳቡን ከዚያ መጀመር አለበት፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የአንድ ሳምንት ደንበኛ ዋጋ ከፓነሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን 50 ብሩ የሚቆጠረው መብራት በጠፋባቸው ሰዓቶች ብቻ ነው። በዓመት 100 ቀን መብራት ጠፍቶ በእያንዳንዱ ቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ከጄኔሬተር ይወጣ ነበር እንበል፤ በዓመት የሚድነው የነዳጅ ወጪ 20,000 ብር ነው። ለዚህም ቢሆን ከመስመር የሚሞላ ባትሪ ይበቃል። ፓነሉ ራሱን የሚያስከብረው እንደ እርስዎ ሰፈር ጨለማው ቀናትን ሲሻገር ነው። ጠያቂያችን ሊያጤኑት የሚገባው የሚሠሩበት ሰፈር መስመር ምን ያህል ጊዜ ለቀናት እንደሚጠፋ ነው፤ ይህን ለማወቅ እዚያ ቀድመው የገቡትን ጎረቤቶች መጠየቅ ይሻላል።

የምንዛሪውን ነገር ግን ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። ብር ሲዳከም ማንኛውም ከውጭ የመጣ ዕቃ በብር ይወደዳል፤ ብረትም፣ ፍሪጅም፣ መኪናም እንዲሁ ነው። የፓነል ዋጋ በዶላር ሲታይ ደግሞ ለረጅም ዓመታት እየወረደ መጥቷል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ ዋት ከ15 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ደርሶ ነበር። የሚወርድ ዕቃ አከማችቶ ዋጋ መጠበቅ አይቻልም፤ ያገለገለ ባትሪ ደግሞ ማን በምን ዋጋ ይገዛዋል? ሰው ሶላር የሚገዛው ሊጠቀምበት እንጂ ሊያስቀምጠው ባይሆን እመክራለሁ።

የአራት ኪሎ ተማሪ

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ተጨምሯል። ይህ ሁሉ ኃይል እያለ ለምን በግል ጣሪያ ላይ ገንዘብ እናፈሳለን? ጥቂት ዓመት መታገሥ አይሻልም?

የሶላር ባለሙያ

ልጄ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ በግድቡም እንደ ማንም ኢትዮጵያዊ እኮራለሁ። ነገር ግን ቤት ድረስ የሚመጣው መብራት የሚያልፍበት መንገድ ረጅም ነው፤ ከግድቡ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ወደ ሰብስቴሽን፣ ከዚያ በመካከለኛ መስመር ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ከዚያ በምሰሶ ላይ ባለው ሽቦ ወደ ቆጣሪህ ይደርሳል። የለቡውን ወንድማችንን ሳምንት ሙሉ ያጨለመበት የመጨረሻው ክፍል ነው። ትራንስፎርመሩ ሃምሳ አባወራ እንዲችል ተደርጎ ተተክሎ ሰፈሩ ላይ አፓርታማ ሲበዛበት፣ ኃይል ከምንጩ ቢትረፈረፍም ይቃጠላል። ለዚህ ነው የምንጩ መጨመርና የቤቱ መብራት መቆራረጥ አንድ ላይ ሊኖሩ የሚችሉት። ግድቡ የሚያጠናክረው የሒሳብ መርማሪን ክርክር ነው፤ የመስመሩ ኃይል ርካሽ ሆኖ ከቆየ ፓነል ሒሳብ ለመቀነስ መግዛት ይበልጥ አያዋጣም።

ከመቂ

እስካሁን የተባለው ሁሉ መስመር ላለው ከተሜ ነው። እኛ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ማሳችን ላይ ቆጣሪ የለም፤ ሽንኩርትና ቲማቲም የምናጠጣው በቤንዚን ፓምፕ ነበር። በቀን 6 ሊትር ቢፈጅ፣ ከላይ በተጠቀሰው የ2017 ዋጋ ከ600 ብር በላይ ነው። በአንድ የመስኖ ወቅት 60 ቀን ቢጠጣ ወደ 36,500 ብር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚያመርት ደግሞ 73,000 ብር ለነዳጅ ብቻ ይወጣል። ያም የሚሆነው ነዳጁ በማደያው ዋጋ ከተገኘ ነው። በጀሪካን መቅዳት ሲከለከል ወይም ማደያው ሲደርቅ ከመንገድ ዳር በላይ በላዩ ጨምረን ስንገዛ ኖረናል፤ ሳይገኝ ቀርቶ ፍሬ የያዘ ቲማቲም ዓይናችን እያየ የጠወለገበት ጊዜም አለ።

እዚህ ሶላር ባትሪ አያስፈልገውም። ፀሐይ ስትወጣ ፓምፑ ይነሳል፣ ደመና ሲሆን ይደክማል፣ ሲገለጥ ይበረታል። ውሃው በፕላስቲክ ሸራ በተነጠፈ ኩሬ ይጠራቀማል፤ ማታም ጠዋትም በቦይ እንለቀዋለን። ማጠራቀሚያችን ኩሬው ስለሆነ በየቀኑ ቢሞላና ቢጎድል አያረጅም። ባለሙያው ያረጃል ያሉት ባትሪ ከእኛ ሒሳብ ውስጥ የለም። በአካባቢያችን ፓነሎቹን በጋሪ ላይ አስረው ጠዋት ወደ ማሳ፣ ማታ ወደ ግቢ የሚመልሱ ገበሬዎች አሉ፤ አንዱ ጋሪ ለሁለት ለሦስት ማሳ ይዞራል፣ ሌሊትም ከሌባ ይድናል።

አንድ የሚያሳስበኝን ግን ሳልናገር አላልፍም። ነዳጅ ሲቆጠር ሰው ውሃ ይቆጥብ ነበር። ፀሐይ በነፃ ስትሆን ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ የጉድጓዳችን ውሃ በጋ ላይ ከዓመት ዓመት እየራቀ ሲሄድ እናያለን። የሶላር ፓምፕ የሚገዛ ገበሬ ጠብታ መስኖውንም አብሮ ያስብበት፤ ያለዚያ ከነዳጅ የተረፈው ገንዘብ ጉድጓድ ማስቆፈሪያ ይሆናል።

የሰሚት ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሰፈሩን ነዋሪዎች ጠየቅሁ፤ መብራት ሲጠፋ ከአንድ ሌሊት የሚያልፈው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ እንደሆነ ነገሩኝ። ስለዚህ ለጊዜው ባትሪና ኢንቨርተር ብቻ ለማድረግ፣ የቀረውን ለሰርቪስ ቤቱ ለማዋል ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል፤ ወንድሜም የሲልቨር ስፕሪንጓን እህት መልስ አንብቦ ተቀብሎታል። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ቦይለሩን በፀሐይ ማሞቂያ መተካት ያዋጣል ወይ? ወደፊት ፓነል መጨመር ብንፈልግ ደግሞ ቤቱ ገና ሳያልቅ ምን እናዘጋጅ? ጣሪያችን ቆርቆሮ ሲሆን ሮቶው በብረት ማማ ላይ ከጣሪያው ጎን ይቆማል።

ከነታንያ

ስለ ፀሐይ ማሞቂያው እኔ ልበል። እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ እኛ «ዱድ ሼሜሽ» እንለዋለን፣ ከጣሪያ ላይ የሌለበት ቤት ብርቅ ነው። ኤሌክትሪክ ሳያመነጭ ውሃውን በቀጥታ ስለሚያሞቅ ኢንቨርተርም ባትሪም አይፈልግም፤ የሞቀው ውሃ በተሸፈነው ታንከር ውስጥ እስከ ማግሥቱ ይቆያል። ሰማንያ ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 55 ለማድረስ 3.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በወር ወደ 100 ይጠጋል። ከምትጠቀሚው 300 ውስጥ ሲሦው የቦይለሩ ነው ማለት ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊትም ልጆች በሙቅ ውሃ ይታጠባሉ።

ሒሳብ መርማሪ

በዚሁ ላይ ቁጥሩን ልጨምር። በወር 100 ኪሎዋት ሰዓት በ7 ብር ከ44 ሳንቲም ሲባዛ በዓመት 9,000 ብር አይሞላም፤ በአሮጌው ታሪፍ ደግሞ 3,000 ብር አካባቢ ነው። ስለዚህ የማሞቂያው ዋጋ ከ70,000 ብር በላይ ከሆነ ብዙ አይቸኩሉ፤ ከዚያ በታች ካገኙና ቤተሰቡ ሰፊ ከሆነ ግን ከፓነሉ ቀድሞ መግባት ያለበት እሱ ነው።

የሶላር ባለሙያ

ማሞቂያውን ከመረጡ የሮቶው ግርጌ ከማሞቂያው ታንከር ከፍ ብሎ መቆሙን ያረጋግጡ፤ ያለዚያ ውሃው በራሱ አይወርድለትም።

ለወደፊቱ ፓነል የሚከተለውን ያዘጋጁ። የመጀመሪያው የሮቶው ጥላ ነው። ፓነሎች በተከታታይ ስለሚያያዙ በአንዱ ላይ የሚያርፍ ጥላ የሌሎቹንም ምርት ይጎትታል። አዲስ አበባ ላይ ፓነል ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ይገጠማል፤ ሰዎች የሚዘነጉት ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተ ሰሜን እንደምትሆን ነው። ማማው በሰሜን በኩል ቢቆምም በእነዚያ ወራት ጥላው ወደ ፓነሉ ሊወድቅ ይችላል። በምሥራቅና በምዕራብ ማዕዘን ማቆም ደግሞ ጠዋትና ከሰዓት ያጠላል። እንግዲህ የሚቻል ከሆነ ማማው ፓነል ከሚያርፍበት የጣሪያ ክንፍ ማዶ፣ በሌላው ክንፍ በኩል ይተከል።

ፓነል የሚገዙበት ቀን ሲደርስ ሜትር ይዘው ይሂዱ። አሁን ባለው የጥራት ደረጃ አንድ ካሬ ሜትር ፓነል ከ220 ዋት ብዙም አይበልጥም። 550 ዋት የሚባለው ፓነል 2.28 በ1.13 ሜትር ገደማ ነው። መርካቶ ውስጥ 1.7 በ1 ሜትር የሆነ ፓነል ጀርባ ላይ «600 ዋት» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ካዩ፣ ከ370 ዋት እንደማይዘል በቆሙበት አባዝተው ያውቁታል። ከፓነል ለሚመጣው መስመር የሚገባው ብሬከር ለዲሲ (ፓነልና ባትሪ ለሚሰጡት ቀጥተኛ ጅረት) የተሠራ ይሁን፤ የቤት መደበኛው ብሬከር የዲሲን ብልጭታ ማጥፋት ስለማይችል እሳት ያስነሳል። የመብረቅ መከላከያና ጥሩ የአፈር መስመርም ከአሁኑ ይገባ፤ ክረምታችን መብረቅ የበዛበት መሆኑን ያውቁታል።

በመጨረሻም ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት ከጣሪያው ሥር እስከ ኢንቨርተሩ ግድግዳ ድረስ ባለ 32 ሚሊ ሜትር ሁለት ኮንዲዩት (የገመድ ማሳለፊያ ቱቦ) አስቀብረው፣ ውስጣቸው መጎተቻ ሽቦ አስገብተው አፋቸውን ያስደፍኑ። አንዱ ለፓነሉ ገመድ፣ ሌላው ለአፈር መስመሩ ነው። ኢንቨርተሩን ሲገዙ ደግሞ ፓነል የሚቀበል ሃይብሪድ መሆኑን፣ የሚችለው የፓነል ቮልቴጅም ስንት እንደሆነ ከጀርባው ካለው ሰሌዳ ላይ አንብበው ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።